የሴቶችን ቅድስና ማን መሰከረ? ስለ ካቶሊክ ቅዱሳት ሴቶች ለተጻፈ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የነበረ አንድ ጽሑፍ ስለ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት ሴቶች ስድስት ነገር ይናገራል። በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ዓመታት ሴቶች በቅድስና አይታወቁም ነበር፤ በኋላም የታወቁት ወንዶች ቀሳውስት በፈቀዱላቸውና በጻፉላቸው ልክ ብቻ ነው፤ የታወቁትም ንግሥታትና መነኮሳይያት ብቻ ናቸው፤ የተመረጡበትም ምክንያት ታዛዥነታቸውና ዝምታቸው ነው፤ የቅድስናቸው አዋጅ የሚወጣበት ጊዜ ሁልጊዜ የፖለቲካ ስሌት ነው፤ በመጨረሻም ከ1970 ወዲህ ለአራት ሴቶች የተሰጠው «የቤተ ክርስቲያን ሊቅ» የሚለው፣ ትምህርታቸው ለመላው ቤተ ክርስቲያን ለሚጠቅም ቅዱሳን የሚሰጠው ማዕረግ ዘመኑን ለማስደሰት የተሰጠ ስጦታ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው የሴቶች ድርሻ መዘንጋቱ ከልብ የሚያሳስባቸው ሰው መሆናቸው ከጽሑፉ ያስታውቃል፤ በዚህ አልከራከራቸውም። የምከራከረው አዋጁን ማን እንዳወጀ ብቻ ሲመለከቱ፣ ስለ ቅድስናው ማን እንደ መሰከረና ጉዳዩን ወደ ሮም የማድረስ መብት ማን እንደ ነበረው ሳይጠይቁ በማለፋቸው ነው። ይህን ቢጠይቁ ኖሮ አንዳንዱ ክሳቸው ይወድቅ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ እሳቸው ካቀረቡት ይልቅ ይበረታ ነበር።

የመጀመሪያው ነጥብ ውሃ አያነሳም። ጸሐፊው «በይፋ የታወቀች የመጀመሪያዋ ሴት» የሚሏት በ1235 ቅድስናዋ የታወጀላትን የሀንጋሪዋን ኤልሳቤጥን ነው። ነገር ግን መጋቢት 7 ቀን 203 በካርታጎ ከተማ ከተገደሉት ሰማዕታት መካከል ፔርፔቱዋና ፌሊቺታ ይገኙበታል። ፔርፔቱዋ የሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ሴት፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ያላት እናት ነበረች፤ እስር ቤት ሆና የጻፈችው ማስታወሻ እስከ ዛሬ ይነበባል። ፌሊቺታ ባሪያ ነበረች፤ ወደ አውሬዎቹ ከመጣሏ ጥቂት ቀን በፊት እዚያው እስር ቤት ወለደች። የሰሜን አፍሪካ ምእመናን መታሰቢያቸውን በየዓመቱ ያከብሩ ነበር፤ ቅዱስ አውግስጢኖስም በበዓላቸው ቀን ሰብኳል። ስማቸው ከአጋታ፣ ከሉቺያ፣ ከአግነስ፣ ከቼቺሊያና ከአናስታሲያ ስም ጋር በጥንታዊው የሮም ሥርዓተ ቅዳሴ ጸሎት ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ በመሠዊያ ላይ ይጠራል። እንዲህ ያለ ስፍራ ያገኘን ሰው «በቅድስና አይታወቅም ነበር» ማለት አይቻልም።

ጸሐፊው «በይፋ» የሚለውን ይዘው ይከራከሩኝ ይሆናል። በይፋ ማለት በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አዋጅ ማለት ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ መቶ ዓመታት ወንዶችም ቢሆኑ በዚህ መንገድ አልታወቁም። ቅዱሳን የሚታወቁት በመቃብራቸው ላይ በሚሰበሰበው ሕዝብና መታሰቢያቸውን በሚያጸድቀው የአካባቢው ጳጳስ ነበር። በሰነድ የምናውቀው የመጀመሪያው የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የቅድስና አዋጅ ዮሐንስ 15ኛ በ993 ለአውግስቡርጉ ጳጳስ ለኡልሪክ ያወጁት ነው። ከዚያ ሃምሳ አራት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1047፣ ክሌመንት 2ኛ የቪቦራዳን ቅድስና አወጁ። ቪቦራዳ በዛሬዋ ስዊዘርላንድ በዛንክት ጋለን ገዳም አጠገብ በዓቷን ዘግታ የምትኖር ባሕታዊት ነበረች። በ926 የማጃር ወራሪዎች ሲቃረቡ መነኮሳቱ መጻሕፍታቸውን አስቀድመው እንዲያሸሹ መከረች፤ እሷ ግን ከበዓቷ አልወጣም ብላ እዚያው ተገደለች። የገዳሙ ቤተ መጻሕፍት ዛሬም አለ። የቅድስና አዋጅ ለሮም ብቻ የተተወ መሆኑ በሕግ መጽሐፍ የጸናው እንኳ ከዚህ በኋላ፣ በ1234፣ በጎርጎርዮስ 9ኛ ዘመን ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉ የከበደው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ጸሐፊው «የቅዱሳት ሴቶችን ታሪክ የምናገኘው ከወንዶች አፍ ብቻ ነው፤ ሴቲቱ በሕይወቷም በሞቷም ተናጋሪ አይደለችም» ይላሉ። የኤልሳቤጥ ጉዳይ ራሱ ይህን ያፈርሰዋል። ኤልሳቤጥ የሀንጋሪው ንጉሥ የእንድርያስ 2ኛ ልጅ ነበረች፤ በሕፃንነቷ ለቱሪንጊያ መስፍን ቤት ታጨች፣ ሦስት ልጆች ወለደች፣ በሃያ ዓመቷም ባሏ ወደ መስቀል ጦርነት ሲሄድ በመንገድ ሞተባት። ከዚያ በማርቡርግ ከተማ ሆስፒታል አቋቁማ በገዛ እጇ በሽተኛ ስታጥብና ስታበላ ኖራ በ1231 በሃያ አራት ዓመቷ አረፈች። ወዲያው በመቃብሯ ላይ ተአምር ሆነ የሚል ሕዝብ ጎረፈ፤ ከሮምም የመርማሪዎች ጉባኤ ተሾመ። በ1235 መጀመሪያ መርማሪዎቹ ስለ ሕይወቷ የጠየቋቸው ዋነኛ ምስክሮች አራት ሴቶች ናቸው፦ ጉዳ፣ ኢዘንትሩድ፣ ኢርምጋርድና ሌላዋ ኤልሳቤጥ። ጉዳ ከልጅነቷ ጀምሮ አብራት ያደገች ናት፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሆስፒታሉ አገልጋዮች ነበሩ።

የተናገሩትን ለሚያነብ ሰው የሚደንቀው ነገር ምስክርነታቸው ለቀሳውስት ደስ እንዲል ተብሎ የተቀባባ አለመሆኑ ነው። የኤልሳቤጥ የንስሐ አባት የነበረው የማርቡርጉ ኮንራድ ከምትወዳቸው ከጉዳና ከኢዘንትሩድ እንደ ለያት፣ ትእዛዝ ተላለፍሽ ብሎም እንደ መታትና እንዳስመታት ሴቶቹ ሳይደብቁ ተናግረዋል። ኮንራድ የቅድስናዋን ጉዳይ ቀድሞ ወደ ሮም የጻፈ ሰው ነው፤ ምስክርነቱ በተሰጠበት ጊዜ ደግሞ እሱ ራሱ በጠላቶቹ እጅ ከተገደለ ዓመት አልፎት ነበር። በግፍ ከገበሬ የተወሰደ እህል ከመኳንንቱ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ኤልሳቤጥ ሳትበላ እየተራበች ትነሣ እንደ ነበር የምናውቀውም ከነዚሁ ሴቶች ነው። ጎርጎርዮስ 9ኛ በ1235 በጰራቅሊጦስ በዓል በፔሩጃ ከተማ ቅድስናዋን ያወጁት ይህ ሁሉ ተሰምቶ ነው።

የአሲዚዋ ክላራ ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 1253 አረፈች፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የስፖሌቶው ጳጳስ በኢኖሰንት 4ኛ ትእዛዝ ወደ ገዳሟ ሄደው አብረዋት የኖሩትን እህቶች ቃለ መሐላ እያስፈጸሙ አንድ በአንድ ጠየቁ። ከመለሱላቸው ቃሎች አንዱን እነሆ፦ ክላራ ከደጅ አገልግሎት የሚመለሱትን እህቶች እግር ታጥብ ነበር፤ አንድ ቀን እግሯ የታጠበላት እህት «እመቤቴ እግሬን ልትስም ነው» ብላ በድንጋጤ ስትስብ የክላራን አፍ በእግሯ መታች፤ ክላራም እግሩን መልሳ በቀስታ ይዛ ውስጡን ሳመችው። እንዲህ ያለ ነገር አብሮ ያልኖረ ወንድ ቄስ ከራሱ አውጥቶ የሚጽፈው አይደለም። ስሟን በቅዱሳን መዝገብ ያሰፈሩት አሌክሳንደር 4ኛ ናቸው፤ ዓመቱም 1255 ነው። አሌክሳንደር ያወጁት ግን እህቶቿ የመሰከሩትን ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው በመሐል ያነሱትን ንጽጽር ልንካው፤ «የእኛዋ ወለተ ጴጥሮስ ሮምን ሳትጠይቅ ቅድስት ሆናለች» ብለዋል። ልክ ናቸው፤ እንዲያውም ወለተ ጴጥሮስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የገባውን የካቶሊክ እምነት በመቃወሟ የታወቀች እናት ናት፣ ሮምን የምትጠይቅበት ምክንያትም የለም። ነገር ግን ገድሏ የተጻፈበትን መንገድ ያስተውሉት። በ1642 ካረፈች ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1672፣ ገድሉን የጻፈው መነኩሴ ያጠናቀረው አብረዋት የኖሩና የሚያውቋት ሰዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ የነገሩትን ነው። ሥርዓቱና ሃይማኖቱ ይለያያል፤ ስለ አንዲት ሴት ሕይወት ከማን አፍ ይሰማል በሚለው ግን ጣናና አሲዚ እጅግ አይራራቁም።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ስንመጣ ጸሐፊው ከግማሽ በላይ ልክ ናቸው። ከ1000 እስከ 1700 ከኖሩት ቅዱሳን 864ቱን ለይተው ያጠኑ ሁለት አሜሪካውያን የታሪክ ምሁራን የሴቶቹ ቁጥር ከአምስት አንድ እንኳ እንደማይሞላ አግኝተዋል። በመካከለኛው ዘመን ከታወጁት ሴቶች መካከልም የመሳፍንት ልጆችና ንግሥታት መብዛታቸው የሚካድ አይደለም፦ ንግሥተ ነገሥታት ኩኒጉንዴ በ1200፣ የስኮትላንዷ ማርጋሬት በ1250፣ ስምንት ልጆች የወለደችው የስዊድኗ ብሪጊታ በ1391። ይሁንና «ብቻ» የሚለው ቃል ስህተት ነው። የሉካዋ ዚታ ዕድሜዋን ሁሉ በሰው ቤት አገልጋይ ሆና የኖረች ናት። የሉርዷ በርናዴት የድሀ ወፍጮ ፈጪ ልጅ ነበረች። ዮሴፊን ባኪታ ከዳርፉር ተጠልፋ ደጋግማ የተሸጠች ባሪያ ናት፤ በ1889 ቬኒስ ላይ ወደ አሳዳሪዎቿ አልመለስም ብላ ፍርድ ቤት ነፃ መሆኗን አጸናላት፣ መነኮሰች፣ በ2000 ቅድስናዋ ታወጀ። ጃና ቤሬታ ሞላ ደግሞ የልጆች ሐኪምና ባለትዳር ነበረች፤ አራተኛ ልጇን ከወለደች ከሳምንት በኋላ በ1962 ሞተች፤ በ2004 ቅድስናዋ ሲታወጅ ባሏ በአደባባዩ ተገኝቶ ነበር።

ታዲያ መነኮሳይያት ለምን በዙ? ጸሐፊው «ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን ስለምትንቅ» ይላሉ። ድንግልና ከፍ ተደርጎ መታየቱ እውነት ነው፤ የቀድሞው የሮም ቅዳሴ መጽሐፍ ወንዶችን በሥራቸው፣ ማለትም ጳጳስ፣ ሊቅ፣ አበምኔት እያለ ሲከፍል ሴቶችን ደናግልና ደናግል ያልሆኑ እያለ ይከፍል ነበር፤ ይህን ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ በደስታ ይጠቅሱት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል። የቅድስና ምርመራ ዘመናትን የሚፈጅ፣ ገንዘብና መዝገብ የሚጠይቅ ክርክር ነው። ምስክር ይሰማል፣ ጽሑፍ ይመረመራል፣ ተአምር በሐኪሞች ይጣራል፣ እስከ 1983 ድረስም «የዲያብሎስ ጠበቃ» እየተባለ ይጠራ የነበረው ሹም ያገኘውን ነውር ሁሉ ያነሣ ነበር። የሀንጋሪዋ ማርጊት ምስክሮች በ1276 ተሰምተዋል፤ አዋጁ የመጣው በ1943 ነው። ይህን ያህል ዘመን አንድን ጉዳይ የሚከታተል ገዳም ወይም ማኅበር ነው፤ መዝገቡን ይጠብቃል፣ አንዱ መነኩሴ ሲሞት ሌላው ይቀጥላል። በአንዲት መንደር ሰባት ልጅ አሳድጋ የሞተች እናት ልጆቿ ሲሞቱ ጉዳይዋም አብሮ ይቀበራል።

ጸሐፊው ያለፉት ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የቀኖና ሕግ የቅድስና ጉዳይ ለመጠየቅ ለማንኛውም ምእመን መብት ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ሴት ግን በወኪል ካልሆነ በቀር በራሷ እንዳታቀርብ ይከለክል ነበር፤ ጉዳዩን ለሌላ ወክሎ የሚከታተለውም ካህን መሆን ነበረበት። ይህ ማለት ጉዳ ወይም የክላራ እህቶች በዚህ ሕግ ዘመን ቢኖሩ ኖሮ መመስከር ይፈቀድላቸው ነበር፤ «ይህችን ሴት መርምሩልን» ብለው በራሳቸው ስም ጉዳዩን ማቅረብና መከራከር ግን አይችሉም ነበር። ይህ ክልከላ የተነሣው ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1983 ሥርዓቱን በአዲስ ሕግ ሲተኩት ነው፤ ዛሬ ምእመናን ሴቶችም ጉዳይ ተከታታይ ሆነው ይሠራሉ። ጸሐፊው «ወንዶች ብቻ ናቸው የሚናገሩት» ከማለት ይልቅ ይህን አንቀጽ ቢያነሡ ኖሮ የምመልስላቸው ባልነበረኝ።

«የተመረጡት ስለታዘዙና ዝም ስላሉ ነው» ለሚለው አራተኛ ነጥብ ደግሞ ስሞቹ ራሳቸው ይመልሳሉ። የሲየናዋ ካተሪና የማቅለሚያ ነጋዴ ልጅ ሆና ሳለ ያን ጊዜ ሮምን ትተው በዛሬዋ ፈረንሳይ በአቪኞ ለተቀመጡት ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 11ኛ ፈሪ አትሁኑ፣ ወደ ሮም ተመለሱ እያለች ትጽፍ ነበር፤ በ1377 ተመለሱ። ወደ አራት መቶ የሚጠጋ ደብዳቤዋ ዛሬም አለ። የቢንገኗ ሂልደጋርድ በሰማንያ ዓመቷ፣ በ1178፣ በገዳሟ የተቀበረውን ሰው አስከሬን አውጥታ እንድትጥል ከማይንትስ ሀገረ ስብከት ሹማምንት ብትታዘዝ አልቆፍርም አለች፤ ገዳሟ ከቅዳሴና ከመዝሙር ታገደ፤ እሷ ግን እገዳው እስኪነሣ ተከራከረች። የአቪላዋን ትሬዛን በዘመኑ በስፔን የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እንደራሴ የነበሩት ፊሊፖ ሴጋ እረፍት የለሽ፣ ዘዋሪ፣ የማትታዘዝ ሴት ብለው ነቅፈዋታል፤ በ1622 ከኢግናጢዮስና ከፍራንሲስ ዣቪየር ጋር በአንድ ቀን ቅድስናዋ ታወጀ። ሜሪ ማክኪሎፕን የአዴላይዱ ጳጳስ በ1871 ከቤተ ክርስቲያን አወገዟት፤ በወራት ውስጥ ውግዘቱን አነሡ፤ በ2010 የአውስትራሊያ የመጀመሪያ ቅድስት ሆነች። ከአዋጁ በኋላ በሚሰጡ ስብከቶች እነዚህ ሴቶች ለስለስ ተደርገው እንደሚቀርቡ፣ ንትርካቸው እየተዘለለ ጸሎታቸው ብቻ እንደሚነገር ግን እስማማለሁ። ያ የሰባኪዎቹ ጥፋት ነው፤ የምርመራ መዝገቡ ንትርኩንም ይዞታል።

ስለ ፖለቲካው ጸሐፊው ያመጡት ማስረጃ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወታደሮች ጋር ዘምታ በኋላ በእሳት የተቃጠለችው ፈረንሳዊቷ ጃን ዳርክ ናት፦ ፈረንሳይና ቫቲካን በ1904 ግንኙነታቸውን አቋረጡ፣ ጃን በ1920 ቅድስት ተባለች፣ በ1921 ግንኙነቱ ታደሰ። ቀኖቹ ልክ ናቸው፤ ጊዜው ለሁለቱም ወገን እንደ ተመቸ አልክድም። ግን ጉዳዩ የተጀመረው ከዚያ ሁሉ በፊት በ1869 በኦርሌያኑ ጳጳስ ዱፓንሉ ነው። ከሥሩ ከሄድን ደግሞ እናቷን ኢዛቤል ሮሜን እናገኛለን፤ ልጇ ሩዋን ላይ በእሳት ከተቃጠለች ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1455፣ ፓሪስ በኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን የሮም መልእክተኞች ፊት ቀርባ ፍርዱ እንዲመረመር አለቀሰች። ከመቶ በላይ ምስክር ተሰማ፤ በ1456 ፍርዱ ተሻረ። የልጅነት ጓደኞቿ፣ አብረዋት የዘመቱ ወታደሮችና ስትሞት ያዩ ሰዎች የተናገሩት ያኔ ባይጻፍ ኖሮ በ1920 የሚታወጅ ነገር አይኖርም ነበር። ፖለቲካን ብቻ ለሚያይ ሰው የሚያስቸግር ሌላም ነገር አለ፦ ጃን የታወጀችው በሰማዕትነት ሳይሆን በድንግልና ነው። ያቃጠላት ፍርድ ቤት በጳጳስ የተመራ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ስለሆነ ሰማዕት ማለቱ ገዳይዋ ማን ነው የሚል ጥያቄ ያስነሣ ነበር። እኔ ይህን እንደ ሽሽት ነው የማየው።

ለጸሐፊው ከጃን የተሻለ ምሳሌ ላቀብላቸው። የቦሄሚያዋ አግነስ በ1282 ያረፈች የንጉሥ ልጅና የክላራ የደብዳቤ ወዳጅ ናት። ፖላንዳዊው ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ቅድስናዋን ያወጁት ኅዳር 12 ቀን 1989 ሲሆን፣ በአምስተኛው ቀን በፕራግ የኮሚኒስቱን መንግሥት የጣለው ሰልፍ ተጀመረ። የአዋጅ ቀን ከዘመኑ ጉዳይ ጋር እንደሚያያዝ ይህ በቂ ማሳያ ነው፤ ለወንዶች ቅዱሳንም እንዲሁ ነው፣ የሴቶች ብቻ አይደለም።

የቀረው የሊቅነት ማዕረግ ነው። ጳውሎስ 6ኛ ይህን ማዕረግ በ1970 በአንድ ሳምንት ልዩነት ለአቪላዋ ትሬዛና ለሲየናዋ ካተሪና ሰጡ፤ የሊዝዬዋ ትሬዛ በ1997፣ ሂልደጋርድ በ2012 ተከተሉ። ከሠላሳ አምስት በላይ ከሆኑት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አራቱ ብቻ ሴቶች ናቸው፤ ጸሐፊው ይህን ማንሣታቸው ተገቢ ነው። የዘመን ስጦታ ነው ማለት ግን የትሬዛ መጻሕፍት ለአራት መቶ ዓመት ያህል የጸሎት ትምህርት ማስተማሪያ ሆነው መቆየታቸውን መርሳት ነው። በፒዮስ 11ኛ ዘመን ማዕረጉ እንዲሰጣት የቀረበው ጥያቄ ሴት ናት በሚል እንደ ታለፈ ይነገራል፤ እንግዲህ ለዘመኑ ስሜት የተደረገው መከልከሉ ነው ወይስ መስጠቱ?

የሂልደጋርድን ጉዳይ ጸሐፊው «ለሴት የተከፈተ አቋራጭ» ብለውታል፤ ምክንያቱም በነዲክቶስ 16ኛ በግንቦት 2012 ያለ አዲስ ምርመራ ከቅዱሳን መዝገብ አስገብተዋት በጥቅምት ሊቅ ብለዋታል። በ13ኛው መቶ ዓመት ተጀምሮ የቀረ ምርመራ እንደ ነበራት ግን አልጠቀሱም። ለብዙ መቶ ዓመታት በሕዝብ ሲከበር የኖረን ሰው ያለ አዲስ ምርመራ የመቀበል ሥርዓትም ለሴት ብሎ የተፈጠረ አይደለም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2013፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በዚሁ መንገድ የፎሊኞዋን አንጄላን፣ ከሁለት ወር በኋላም ወንዱን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ፋቭርን ተቀብለዋል።